«ጩኸት ነው» ከማለታችን በፊት
የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበም አቀባበልና የአደማመጥ ልማዳችን

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መግቢያ

በውጭ አገር የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስለ አገራችን ሙዚቃ ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ አንድ አልበም ሲወጣ የምንሰጠው አስተያየት በምን መለኪያ ላይ የተመሠረተ ነው? የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ወደድኩት» ወይም «አልጣመኝም» ብለን እንለያያለን። ለምን እንደ ወደድነው ወይም ለምን እንዳልጣመን የምናስረዳው ግን ጥቂቶች ነን። ሂስ የሚጀምረው ደግሞ በትክክል ከዚህ «ለምን» ከሚለው ቃል ነው። ምክንያት የሌለው ውዳሴ ለሙዚቀኛው ጭብጨባ ብቻ ነው፤ ምክንያት የሌለው ነቀፌታም ከስድብ እምብዛም አይርቅም።

ጥያቄውን በተጨባጭ ምሳሌ ለመመርመር እንዲያመች የጃኖ ባንድን የመጀመሪያ አልበም፣ «ኤርታሌ»ን፣ መርጠናል። ምክንያቶቻችን ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ አልበሙ ከባድ የሮክ ጊታርን ከአማርኛ ዘፈን ጋር በግልጽ በማጋጠሙ የአድማጭን ልማድ የሚፈትን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን ከዓመታት በኋላም ስለዚሁ አልበም ስንነጋገር የምንደጋግማቸው ቃላት ያው በመጀመሪያው ቀን የተናገርናቸው ናቸው። አስተያየታችን ካልተለወጠ ወይ መጀመሪያውኑ ትክክል ነበርን፣ ወይም ከዚያ ወዲህ በሚገባ አላዳመጥንም ማለት ነው።

ስለ ባንዱና ስለ አልበሙ

ጃኖ ባንድ በ2011 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመ የሮክ ባንድ ነው። ጃኖ እንደሚታወቀው በጥንቱ ዘመን ባለማዕረጎች ይለብሱት የነበረ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው የጥጥ ልብስ ነው። «ኤርታሌ» በ2012 ሲወጣ ስያሜውን ያገኘው በአፋር ምድር ካለውና የቀለጠ ዐለት ከሚፈላበት እሳተ ገሞራ ነው። እንግዲህ ስሞቹ ራሳቸው አንድ ነገር ይናገራሉ። የባንዱ ስም ወደ ትውፊት ያመለክታል፤ የአልበሙ ስም ደግሞ ወደ እሳት።

የባንዱ አወቃቀርም በአገራችን ያልተለመደ ነበር። በእኛ አገር ልማድ አልበም የሚወጣው በአንድ ድምፃዊ ስም ነው፤ ባንዱ አጃቢ ነው። ጃኖ ግን ኃይሉ አመርጋ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ የተባሉ አራት ድምፃውያንን ይዞ፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ማለት ነው፣ በአንድ የባንድ ስም ቀረበ።

የአልበሙ ፕሮዲውሰር አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ይህን ሰው ማወቅ ለጉዳያችን ይጠቅማል። ላስዌል በ1983 የወጣውን የኸርቢ ሃንኮክን «ፊውቸር ሾክ» ያዘጋጀ፣ በ1986 ደግሞ የእንግሊዙን የሜታል ባንድ የሞተርኸድን «ኦርጋዝማትሮን» የሠራ ሰው ነው። የኋለኛው ሥራ በራሱ በሞተርኸድ ውስጥ እንኳ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር፤ የባንዱ መሪ ሌሚ በመጨረሻው የድምፅ ቅልቅል እንዳልረካ ተናግሯል። ላስዌል በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለ አልበም አዘጋጀ። በዚያ አልበም ላይ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮው ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተጫውተውበታል። የውጭ ሃያስያን በእጅጉ ሲያወድሱት በወገኖቻችን ዘንድ ግን «ዘፈናችን በሌላ ሰው ልብስ ቀረበ» የሚል ክርክር አስነሥቶ ነበር። ስለዚህ «ኤርታሌ» በወጣ ጊዜ የተሰማው ሙግት አዲስ ሙግት አልነበረም። የቆየ ሙግት አዲስ ጊታር ይዞ መምጣቱ ነበር።

ሜታልኮር የሚባለው ምንድን ነው?

ከውይይታችን ተካፋዮች አንዳንዶቹ የጃኖን ሙዚቃ «ሜታል» ሲሉት ሌሎች «ሜታልኮር» ብለውታል። ቃላቱን ሳናጣራ ወደ ፍርድ መሄድ ስለማይገባ ጥቂት እናብራራ።

ሜታልኮር ሁለት ወንዞች የተገናኙበት ነው። አንደኛው ሄቪ ሜታል ሲሆን ሁለተኛው ሃርድኮር ፓንክ የሚባለው ፈጣንና ቁጡ ሙዚቃ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው በ1990ዎቹ ዓመታት ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኑ። መለያዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ በሚያሻክር መሣሪያ፣ የሚሰማ ጊታር ነው። ሁለተኛው ከጉሮሮ የሚወጣ ጩኸት ነው፤ አንዳንዴ በጥሩ ድምፅ ከሚዜም አዝማች ጋር ይፈራረቃል። ሦስተኛው ብሬክዳውን የሚባለው ነው። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ ድንገት ይወርድና ጊታሩም ከበሮውም በአንድነት እየመቱ ሕዝቡን ያንቀሳቅሳሉ።

ይህ ሙዚቃ በተወለደበት አገር እንዴት እንደተፈረደ ማየት ያስፈልጋል። ኮንቨርጅ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ2001 «ጄን ዶ» የተባለውን አልበም አወጣ። በአልበሙ ውስጥ የድምፃዊው ቃላት አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ የሚለዩ አይደሉም። ሆኖም ቴረራይዘር የተባለው የእንግሊዝ የሜታል መጽሔት የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎ ሰየመው። በአንጻሩ ኪልስዊች ኢንጌጅ የተባለው ባንድ ጩኸቱን ከሚዜም አዝማች ጋር እያጣመረ ሠራ። የ2004 አልበሙ መጠሪያ የሆነው «ዚ ኤንድ ኦቭ ኸርትኤክ» ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደረሰ። የጥንቱ የሃርድኮር አፍቃሪ ግን እንዲህ ያለውን መለሳለስ ከመሠረቱ እንደ መራቅ ቆጠረው። የብሪታንያው ብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን ጉዞም ተመሳሳይ ነው። በ2006 በጩኸት በተሞላ አልበም ጀምሮ በ2019 «አሞ» በተባለው አልበሙ ወደ ፖፕና ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ሲያመራ በአድናቂዎቹ መካከል መከፋፈል ፈጠረ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል ነው። «ሥሩን ለቀቀ» የሚለው ክስ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚሰማ አይደለም። እኛ አንዱን ዘፋኝ «ጊታር አበዛ» ብለን ስንከስ እነሱ ደግሞ ሌላውን «ዜማ አበዛ» ብለው ይከሳሉ። የክሱ ይዘት ይለያይ እንጂ አመጣጡ አንድ ነው፤ አድማጭ ሙዚቃውን እንደ መታወቂያ ወረቀቱ ስለሚቆጥረው ሲለወጥበት ይቆጣል።

ጃኖ በትክክል ሲታይ ሜታልኮር አይደለም። ከጉሮሮ የሚወጣው ጩኸት መለያው አይደለም፤ ድምፃውያኑ የሚዘፍኑት በዜማ ነው። ባንዱ ከባድ ጊታር የሚጠቀም የሮክ ባንድ ነው። ነገር ግን ለአማርኛ አድማጭ ጆሮ ያቀረበው ፈተና ከሜታልኮር ፈተና ጋር ጎረቤት ነው።

በውይይታችን የተሰነዘሩ ሦስት አስተያየቶች

በሪያድ ከተማ ዑለያ በተባለው ሠፈር የምንኖር ተማሪዎች ተሰባስበን አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጠን ተወያይተን ነበር። በውይይቱ የተሰነዘሩት አስተያየቶች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

(ሀ) «የእኛ አይደለም»

የመጀመሪያው አስተያየት፣ ይህ ጊታር፣ ይህ ጸጉር፣ ይህ የመድረክ አኳኋን ከባዕድ የተቀዳ ስለሆነ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሊባል አይችልም የሚል ነው።

ይህ አባባል በታሪክ ፊት ሲቀርብ የሚጸና አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የነሐስ መሣሪያዎችን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ ትሩምባና ክላርኔት ለአገሬው ጆሮ ባዕድ ነበሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በኩል ያለፈው የነሐስ ድምፅ ዛሬ «የድሮ ዘፈን» ብለን ለምንናፍቀው ሁሉ መሠረት ሆነ። ያለ ሳክስፎን የጥላሁን ገሠሠን ዘመን ማሰብ የሚችል ማን አለ?

የሙላቱ አስታጥቄም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ቫይብራፎንንና የላቲን ምትን ከቅኝቶቻችን ጋር ያዋሐደው ኢትዮ ጃዝ በ1972 ኒው ዮርክ በተቀዳው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» መልክ ይዞ ሲወጣ በአገር ቤት ሰፊ አድማጭ አላገኘም። ዓለም አቀፍ ዝና የመጣለት ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 በጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት ውስጥ ሥራው በ1998 ሲወጣና በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ሲሰማ ነው። ሩብ ምዕት ዓመት ያለፈው እኛ ልናዳምጠው የሚገባንን ሌላው እስኪያዳምጥልን ስንጠብቅ ነው።

ስለዚህ «መሣሪያው ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ለሂስ አይበቃም። መሣሪያ ስደተኛ ነው። በገባበት አገር ቋንቋ መልመድ አለመልመዱ ነው ሊጠየቅ የሚገባው።

(ለ) «ቃሉ አይሰማም»

ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው እጅግ የጠነከረ ነው። ጊታሩና ከበሮው ግጥሙን ይውጡታል፤ ግጥሙ ካልተሰማ ዘፈን ምኑ ነው? የሚል ነው።

ይህን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። የአማርኛ አድማጭ ዘፈንን የሚጀምረው ከቃል ነው። አዝማሪው ቤት የሚወደደው ማሲንቆው ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ስንኙን በሰምና ወርቅ ስለሚቋጥር ነው። ኃይለኛ ድምፃችንም ቢሆን ቃል የሚያስቀድም ነው። ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ ከጉሮሮ ጥግ የሚወጡ፣ ጸጉር የሚያቆሙ ድምፆች ናቸው። በዚህ ረገድ ከሜታልኮር ጩኸት ጋር ዝምድና ያላቸው ይመስላሉ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው፤ ፎካሪ የሚጮኸው የአባቱን ስምና የሠራውን ጀብዱ ሰው ሁሉ እንዲሰማለት ነው። ቃሉ ካልተሰማ ፉከራ የለም። በሜታልኮር ጩኸት ግን ድምፁ ራሱ ስሜቱን ይሸከማል፤ ቃሉን የፈለገ ከአልበሙ ጋር ከታተመው ወረቀት ያነበዋል።

እንግዲህ የምዕራቡ ሃያሲና የእኛ አድማጭ ስለ አንድ አልበም ሲናገሩ የሚመዝኑት ነገር የተለያየ ነው። «ኤርታሌ»ን በተመለከተ በእኛ አስተያየት ነቀፌታው በከፊል እውነት አለው። ጊታርና ከበሮ አንድ ላይ ሲበረቱ ቃሉ የሚታፈንባቸው ቦታዎች አሉ፤ አማርኛ ደግሞ በጠበቁና በላሉ ፊደላት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ስለሆነ ድምፃዊው ትንሽ ከተሸፈነ ስንኙ ይጠፋል። ይህ ግን የቅልቅል ጉድለት እንጂ የሮክ ጉድለት አይደለም። ድምፅ የሚቀላቅለው ባለሙያ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ቢሆን ይህ ችግር በእጅጉ ይቃለላል።

(ሐ) «የውጭ ባለሙያ የሠራው ስለሆነ ጥሩ ነው»

ሦስተኛው አስተያየት የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ላስዌልን የመሰለ ስመ ጥር ሰው እጁን ካስገባበት ሥራው በዓለም ደረጃ ነው፣ የማይወደው ሰው ኋላ ቀር ነው፣ የሚል ነው።

ይህም ሂስ አይደለም። የአንድን ሥራ ዋጋ ከአዘጋጁ ስም መበደር ነው። ከላይ እንደተመለከትነው የዚሁ አዘጋጅ ሥራ ሞተርኸድን እንኳ ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም። ደግሞም የማኅሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 ክራምድ ዲስክስ በተባለው የቤልጂግ ኩባንያ ታትሞ ለአውሮፓ ሲደርስ በአገር ቤት አስቀድሞ የታወቀና የተወደደ ዘፈን ነበር። የአውሮፓ ጆሮ አረጋገጠው እንጂ አልፈጠረውም። «የውጭ ነውና ይጣል» የሚለውና «የውጭ ነውና ይወደስ» የሚለው ሁለቱም ሙዚቃውን ሳያዳምጡ የሚፈርዱ ናቸው።

የችግሩ ሥር፦ ቅንብርን አለመስማት

በእኛ እምነት የሦስቱም አስተያየቶች ድክመት ከአንድ ቦታ ይመነጫል። የማንኛውንም የአማርኛ ካሴት ወይም ሲዲ ሽፋን ብንመለከት «ግጥም»፣ «ዜማ» እና «ቅንብር» በሚሉ ሦስት ርእሶች ሥር የሠሪዎቹን ስም እናገኛለን። አድማጫችን በሁለቱ ላይ የሠለጠነ ነው። ስለ ግጥም ሲጠየቅ ሰምና ወርቁን ይፈታል፤ ስለ ዜማ ሲጠየቅ «ከእገሌ ዘፈን ጋር ይመሳሰላል» ብሎ ያነጻጽራል። ስለ ቅንብር ሲጠየቅ ግን «ሞቅ ያለ ነው» ወይም «ይጮኻል» ከማለት አያልፍም። በሮክና በሜታል ደግሞ ሐሳቡ በአብዛኛው የሚኖረው በቅንብሩ ውስጥ ነው። ስለሆነም አድማጩ በማያነበው ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ እንደ ደረሰው ሰው ይሆናል።

ቅንብርን ለማዳመጥ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦች ብቻ መያዝ ብዙ ይረዳል።

1ኛ. ቅኝት። አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ለምሳሌ ትዝታ በሜጀር መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዲስቶርሽን የሚጫወት ጊታር ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ቢደረድር ይደበላለቃል። ስለዚህ የሮክ ጊታረኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ መነሻውንና አምስተኛውን፣ ማለትም ዶንና ሶልን። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ውስጥ ሶል ስላለ ጊታሩ ያለ ጠብ ይገባል። በአንቺ ሆዬ ግን ሙሉው ሶል የለም፤ በቦታው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ነው ያለው። ጊታረኛው እንደ ለመደው ቢመታ ቅኝቱን ያፈርሳል፤ ቅኝቱን ቢያከብር ደግሞ የሚወጣው ሻካራና አስጨናቂ ድምፅ ብላክ ሳባዝ ከ1970 ጀምሮ የሜታል መለያ ያደረገው ያው ርቀት ነው። በአምባሰልም ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ድምፅ በግማሽ ብቻ የራቀ መሆኑ የሜታል ሙዚቀኞች አጥብቀው ከሚወዱት መንገድ ጋር ይገጥማል። እንግዲህ ከሜታል ጋር የሚያገናኘን ድልድይ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በቅኝታችን ውስጥ ቀድሞ አለ።

2ኛ. የድምፅ ጠባይ። «ሻካራ ድምፅ ባህላችን አይደለም» የሚል ሰው በገናን ያዳምጥ። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። እንዚራው ባይኖር አውታሩ ንጹሕና ደካማ ድምፅ በሰጠ ነበር፤ ያ የምናውቀው ጥልቅ ንዝረት የሚመጣው አውታሩ ከቆዳው ጋር ሲነካካ ነው። አባቶቻችን ድምፁን ሆን ብለው አሻከሩት ማለት ነው። ዲስቶርሽን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እንዚራ በቆዳ ሠርቶታል። በገና ለጸሎትና ለተመስጦ ነው፣ የሮክ ጊታር ለሌላ ዓላማ ነው፤ ሁለቱን እኩል ናቸው አላልንም። ሻካራነት በራሱ ባዕድ አይደለም ነው ያልነው።

3ኛ. ምት። ሮክ በአራት ይቆጠራል፤ ጭክጭካችን ግን በስድስት የሚቆጠር፣ ሦስትና ሁለት የሚወራረሱበት፣ ትከሻ የሚያስመታ ምት ነው። አንድ ባንድ ዘፈኑን ሁሉ በአራት ከቆጠረ ቅኝቱ የእኛ ሆኖ አካሄዱ የሌላ ይሆናል። አድማጭ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው፤ ስሙን ስለማያውቀው ግን «ባዕድ ነው» ብሎ ያልፋል።

በእነዚህ ነጥቦች «ኤርታሌ»ን ስንመዝነው ፍርዳችን የሚከተለው ነው። ጊታሩ በብቸኝነት በሚወጣበት ጊዜ ቅኝቱን አይለቅም፤ ይህ የአልበሙ ዋና ድል ነው። አራቱ ድምፃውያን መቀባበላቸው ከአውጪና ተቀባይ ዘፈናችን ጋር ስለሚቀራረብ ባንዱን ከአጃቢነት አውጥቶታል። ደካማው ጎን ጊታሩ የድምፃዊውን ዜማ ተከትሎ ያንኑ በጉልበት ሲደግም ነው፤ እንዲህ ሲሆን ለዘፈኑ የተጨመረው ብርታት እንጂ ሐሳብ አይደለም። ጊታሩ ማሲንቆ ለአዝማሪው እንደሚመልስለት ሲመልስ ግን ሥራው አዲስ ነው።

አሁን ስላለንበት ቦታ

አቀባበል የሚወሰነው በአልበሙ ብቻ ሳይሆን በሚደመጥበት ቦታም ነው። በአዲስ አበባ አልበም በበዓል ሰሞን ወጥቶ ከሙዚቃ ቤት ደጃፍና ከታክሲ ውስጥ ይሰማል፤ ሕዝቡ አብሮ ሰምቶ አብሮ ይፈርዳል። እኛ ግን ዑለያ በፋይሰሊያ ሕንፃና በመምለካ ማማ መካከል ባሉት መንገዶች ስንመላለስ በጆሮ ማዳመጫ ለየብቻችን እንሰማለን። በሕዝብ መካከል እንዲጮኽ የተሠራ ሙዚቃ በስልክ ተሰምቶ «ጩኸት» ቢባል ሊያስደንቀን አይገባም።

«ኤርታሌ» በ2012 ሲወጣ በሪያድ ከተማ የሕዝብ ኮንሰርት የሚባል አልነበረም። በማግስቱ ዓመት፣ በ2013 መጨረሻ፣ የመኖሪያ ፈቃድ በሌላቸው ሠራተኞች ላይ በተወሰደው እርምጃ ከዚህ አገር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ መንፉሃ ሠፈር በዚያ ወቅት የደረሰበት የሚረሳ አይደለም። ወገን ልብሱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሚሰለፍበት ሰዓት ስለ ጊታር ሂስ ማን ይጽፋል? የብዙ ሥራዎች አቀባበል ሳይጻፍ የቀረው በእንዲህ ያለ ምክንያትም ጭምር ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2017 በሪያድ ከረጅም ዘመን በኋላ የሕዝብ ኮንሰርት ተካሄደ፤ በ2023 ዲሴምበር ሜታሊካ ራሱ ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው ባንባን በ«ሳውንድስቶርም» መድረክ ላይ ተጫወተ። ቀድሞ ግን በዚሁ አገር አል ናምሩድ የተባለው ከኾበር የወጣ የብላክ ሜታል ባንድ ከ2008 ጀምሮ የዐረብ ዜማ ስልቶችን ከሜታል ጋር እያዋሐደ፣ አባላቱ ማንነታቸውን ደብቀው፣ አልበሞቻቸውን በውጭ አገር እያሳተሙ ይሠሩ ነበር። በመድረክ ሊወጡ የማይችሉ ሰዎች በጽናት ሲሠሩ፣ በገዛ ከተማው መድረክ ያለውን የእኛን ባንድ በአንድ ቃል ማሰናበት ተገቢ ነውን?

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ሐተታ ለአንድ አልበም?» ሊለን ይችላል። መልሳችን የሚከተለው ነው። ከ1974 በኋላ በነበሩት ዓመታት የሰዓት እላፊ አዋጁ የምሽት ክበቦችን ሲዘጋ ባንዶች የሌሊት እንጀራቸውን አጡ። ሮሃን የመሳሰሉ ባንዶች የካሴቱን ዘመን በትጋት ቢሸከሙትም ቀስ በቀስ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን የብዙ ሰው ሥራ ተኩ። አንድ አቀናባሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሙሉ አልበም መጨረስ ቻለ። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከበሮ መቺው፣ ቤዝ ተጫዋቹና ሳክስፎን ነፊው ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ ዘፈኖቹም እርስ በርሳቸው መመሳሰል ጀመሩ። ሰባትና ስምንት ሰው ሆኖ ተለማምዶ አንድ ላይ የሚጫወት ባንድ በዚህ ሁኔታ መነሣቱ በራሱ ቁም ነገር ነው። አድማጩ የባንድን ሥራ ከኪቦርድ ሥራ በጆሮው ለይቶ ካላወቀ፣ ለባንድ የሚከፈለውን ዋጋ ማን ይከፍላል?

በዚህ ላይ የእኛ የራሳችን ድርሻ አለ። አገራችን በ2004 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410ን አውጥታለች። እኛ ግን ፋይሉን ከስልክ ወደ ስልክ እያዛወርን፣ ሳንቲም ሳንከፍል፣ ስለ ሙዚቃው ውድቀት እናዝናለን። ያልከፈለ ሰው መተቸት አይችልም አንልም። ነገር ግን ሂሱ ሙዚቀኛውን እንዲያሻሽለው የምንፈልግ ከሆነ፣ ሁለተኛውን አልበም ለመሥራት የሚያስችለው አቅም ከአድማጩ መምጣት እንዳለበት መርሳት የለብንም። ጃኖ «ለራስህ ነው» የተባለውን ሁለተኛ አልበሙን ለማውጣት በቅቷል፤ ከአንድ አልበም በኋላ የተበተኑት ባንዶች ግን ብዙ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ስናጠቃልለው፣ አንድን አልበም «የእኛ ነው» ወይም «የእኛ አይደለም» የሚያሰኘው መሣሪያው የተሠራበት አገር ወይም የአዘጋጁ ፓስፖርት አይደለም። ቅኝቱ፣ ምቱና ቃሉ በቅንብሩ ውስጥ ምን ሆኑ? የሚለው ነው መለኪያው። ይህን መለኪያ ይዞ «ኤርታሌ»ን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ነቀፌታውን በደስታ እንቀበላለን፤ ምክንያቱም ያ ሰው አዳምጧል።

ለወደፊቱ በየሠፈሩ ለሚደረጉ የሙዚቃ ውይይቶች የሚከተለውን እናሳስባለን። አልበሙ በስልክ ሳይሆን በደኅና ድምፅ ማጉያ፣ በጋራ ይደመጥ። መጀመሪያ ለግጥሙ፣ ሁለተኛ ለዜማው፣ ሦስተኛ ለቅንብሩ ብቻ ጆሮ እየተሰጠ ሦስት ጊዜ ይሰማ። አስተያየት ሰጪ ሁሉ «ይጮኻል» ከማለቱ በፊት የትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ስንኝ ላይ እንደ ጮኸ ይናገር። ከዑለያ እስከ በጥሃ ያለውን መንገድ ከ2024 ዲሴምበር ጀምሮ የከተማው ባቡር ሰማያዊ መስመር ስላገናኘው፣ በከተማው ደቡብ በኩል የሚኖሩ ሠራተኛ ወገኖቻችንም በውይይቱ ይካፈሉ። ስለ አማርኛ ግጥም ከተማሪው ይልቅ እነሱ የሚያስተምሩን ብዙ ነገር አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን «ለራስህ ነው»ን በዚሁ መንገድ እናዳምጣለን። ይህን ጽሑፍ ያነበበና የተለየ አስተያየት ያለው አንባቢ ሁሉ ምክንያቱን ይዞ እንዲመጣ ተጋብዟል።